«ከዜሮ እንጻፈው» አለኝ

ለዓምዱ አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበቱ? ዓምድዎ ላይ የማነበው አብዛኛው ስለ ትዳርና ስለ ቤተሰብ ስለሆነ የእኔን ነገር ምን ይሉት ይሆን ብዬ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ አጥፍቻለሁ። ይኸው አራተኛው ነው።

የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። 29 ዓመቴ ነው። ቀን መሥሪያ ቤት እውላለሁ፤ ማታ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር የጀመርነውን የዌብ ፍሬምዎርክ (ፕሮግራመሮች ድረ ገጽና ሲስተም የሚሠሩበት መነሻ ኮድ) ስጠግን አመሻለሁ። ከጀመርነው ሰባት ዓመት ሆነው፣ ፖሊ ቴክኒክ ተማሪዎች ሳለን ነው። እሱ በሁለት ዓመት ይቀድመኛል። ኮድ መጻፍ በደንብ ያስተማረኝ እሱ ስለሆነ እስከ ዛሬ በቀልድ «ወንድም ጋሼ» እለዋለሁ። ያኔ ለትምህርት ቤትና ለቁጠባ ማኅበር ሲስተም ስንሠራ የነበሩት ፍሬምዎርኮች ጳጉሜን አያውቁም፤ ሰዓት ከንጋት አይቆጥሩም፤ «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበን ሰው «ሀይሉ» ብለን ስንፈልገው የለም ይሉናል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ አንድ ነገር በፒኤችፒ (የድረ ገጽ ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው) ሠራንና ኮዱን በኤምአይቲ ላይሰንስ ለሁሉም ክፍት አደረግነው። ርካሽ ሆስቲንግ ላይ ይሠራል። ኢንተርኔት በሌለበትም አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ግቢ ውስጥ ባለ ኔትወርክ ይሠራል። ዛሬ እኛ የምናውቃቸው ብቻ ትምህርት ቤቶች፣ ክሊኒኮች፣ የቁጠባ ማኅበራትና ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ሎጅ ይጠቀሙበታል። ገንዘብ የለውም። ከሌሊቱ 6 ሰዓት «ሪፖርቱ አልወጣም» የሚል ቴሌግራም ሲመጣ ተነሥቼ ስለምሠራ እናቴ «ደሞዝ የሌላት የሌሊት ዘበኛ» ትለኛለች።

ጓደኛዬ አሁን አዲስ አበባ አንድ ድርጅት ውስጥ ይሠራል። ባለፈው ወር «ፒኤችፒውን ትተን በሌላ ቋንቋ፣ በታይፕስክሪፕት፣ ከዜሮ እንጻፈው፤ የዘመን አቆጣጠሩ የፈለገ ሰው የሚጨምረው ተቀጥላ ይሁን፤ መመሪያውም በእንግሊዝኛ ብቻ ይሁንና ዓለም ይጠቀምበት» አለ። ድርጅቱ በዚህ ከተስማማን ለአንድ ዓመት የሥራ ሰዓቱን ግማሽ ለዚህ እንዲያውል ፈቅዶለታል። በቋሚነት ከሚያግዙን ዘጠኝ ልጆች ስድስቱ ከእሱ ጋር ናቸው። እኔ ቀስ እንበል አልኩ። «አንቺ ለውጥ ትፈሪያለሽ» አለኝ፣ ግሩፑ ላይ፣ ሁሉም እያየ። ሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረባቸው ወራት እኔ ብዙም ስለማልገኝ ሥራውን ይዞ ያቆየው እሱ ነው፤ ለዚያ አመሰግነዋለሁ። ግን እንዲህ ይለኛል ብዬ አልጠበቅኩም።

በወሩ መጨረሻ ድምፅ ይሰጣል። ብሸነፍ ኮዱን ይዤ ልገንጠል? ወይስ ልተወው? እውነቱን ለመናገር ደክሞኛል።

ግራ የገባኝ፣ ከሽምብጥ

እኅቴ፣

ቦታውስ ይኸው ነው። አብረን ያሳደግነውን ምን እናድርገው ብለው የሚጽፉልኝ ባልና ሚስት ብዙ ናቸው። የናንተ ልዩነቱ ልጁ ጊትሃብ (ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ላይ መኖሩ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናዘዝ። ወደዚህ ዓምድ ከመምጣቴ በፊት ለዓመታት ፕሮግራመር ነበርኩ፤ ስለዚህ «ከዜሮ እንጻፈው» የሚል ስሰማ ጆሮዬ ይቆማል። አንድ መሥሪያ ቤት ሳለሁ የደመወዝ ፕሮግራሙን ከዜሮ እንጻፍ ብለን ተነሣን። ከሁሉም በላይ የጮኽኩት እኔ ነበርኩ። ስድስት ወር ይበቃናል አልን። ዓመት ከመንፈቅ ሲሞላን አዲሱ ገና ግማሽ ላይ ነበር፤ አሮጌውንም ማታ ማታ እየጠገንን ነበር። ከአሮጌው ኮድ ውስጥ «ደግሞ ይኼ ምን ሊሠራ ገባ» ብዬ ስቄ የጣልኳቸው ሦስት መስመሮች ነበሩ። አዲሱ ሲሞከር የአባታቸው ስም ገብረ ማርያም ወይም ወልደ ጊዮርጊስ የሆነ ሠራተኞች በሙሉ አባታቸው «ገብረ» እና «ወልደ»፣ አያታቸው «ማርያም» እና «ጊዮርጊስ» ሆነው ወጡ። ለካ ሦስቱ መስመሮች ስማቸው መሐል ክፍተት ያላቸውን ሰዎች የሚጠብቁ ነበሩ። የጻፋቸው ሰው አንድ ቀን የተቆጣ ሠራተኛ ጠረጴዛው ፊት ቆሞበት ይሆናል። እንግዲህ ወገንተኛ መሆኔን ዐውቀሽ አንብቢኝ።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነብ ዓይኔ የሚቆመው ታይፕስክሪፕት ላይ አይደለም። ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለነበረበት ጊዜ በጻፍሻት ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። «አመሰግነዋለሁ» ብለሽ ቶሎ ዘጋሻት። ምስጋናሽን አልጠራጠርም። ግን በነዚያ ወራት ምን ሆነ? ከዘጠኙ ልጆች ስንቱ ያኔ የገቡ ናቸው? ማን ተቀበላቸው፣ ማን አስተማራቸው? አንቺ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ፍለጋ ስትዞሪ ወሬው፣ ቀልዱና ውሳኔው እዚያ ቀጥሎ፣ ስትመለሺ ነገሩ የሁለታችሁ መሆኑ ቀርቶ ጠበቀሽ? እየገመትኩ ነው፤ ከተሳሳትኩ ዝለዪው። ካልተሳሳትኩ ግን በወሩ መጨረሻ የምትሰጡት ድምፅ ስለ ኮምፒውተር ቋንቋ ይምሰል እንጂ ግማሹ ስለዚያ ጊዜ ነው። እሱም በበኩሉ ያን ሁሉ ወር ብቻውን ተሸክሞ «አይዞህ ያለኝ የለም» የሚል ነገር በሆዱ ይዞ ይሆናል። ሰው ከመሬት ተነሥቶ የሰባት ዓመት ጓደኛውን «ለውጥ ትፈሪያለሽ» አይልም። በሰው ፊት ማለቱ ግን ነውር ነው፤ ይህን ንገሪው፣ ለብቻው።

አሁን የእሱን ወገን ልያዝለት፣ ብዙ እውነት አለውና። ፍሬምዎርካችሁ በተወለደበት ዘመን ፒኤችፒ ላይ ቆሞ ቀርቶ ከሆነ አደጋ ላይ ነው። ከ7ኛው ትውልድ የመጨረሻው ቨርዥን፣ 7.4፣ የደኅንነት ጥገና ካቆመ ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። የሕሙማን መዝገብ የያዘ ክሊኒክ እዚያ ላይ ማደር የለበትም። ለፊደላችንም ፒኤችፒ ከመነሻው ደግ አልነበረም። «ጣና» ሁለት ፊደል ነው። የፒኤችፒ ተራው የርዝመት ቆጣሪ ግን ስድስት ይልሻል፤ የሚቆጥረው ባይት ነው፤ ጽሑፍ ኮምፒውተር ላይ በሚቀመጥበት ስልት በዩቲኤፍ 8 ደግሞ እያንዳንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት ይይዛል። ታይፕስክሪፕት ሁለት ብሎ በትክክል ይቆጥራል። ይህን ችግር ከሥሩ ይነቅላል የተባለው ፒኤችፒ 6 ዓመታት ተለፍቶበት እ.ኤ.አ. በ2010 ተተወ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የመጣውም ቁጥሩን ዘሎ 7 ተባለ። (ይህች ታሪክ ሁሉን በአንዴ ስለ መለወጥ የምትለው ነገር አላት፤ ግን ወገንተኛ ነኝ ብያለሁ።) የሚያግዟችሁ ወጣቶችም ነገ ሥራ የሚያስገኝላቸውን መማር ቢፈልጉ አይፈረድባቸውም።

የማልቀበለው የዘመን አቆጣጠሩን ተቀጥላ ማድረጉንና «በእንግሊዝኛ ብቻ» የምትለዋን ነው። እንግሊዝኛ ይጨመር፣ ደግ ነው። ግን ዓለም ፍሬምዎርክ አላጣም። ጳጉሜ ላይ የወለድ ሒሳብ የማይሳሳት፣ «ፀሐይ»ን እና «ጸሃይ»ን አንድ ሰው አድርጎ የሚያገኝ ነው የጠፋው። ከፍሬምዎርካችሁ ይህ ከወጣ ምን ይቀራል ብለሽ ጠይቂው። እልህ ሳይሆን ጥያቄ ይሁን፤ መልስ ሊኖረው ይችላል።

«ከዜሮ» ብለው የተነሡት ምን እንዳገኛቸው ሁለታችሁም ሳታውቁት አትቀሩም፤ አንዱን ብቻ ላስታውስ። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2014 ሁለተኛው አንጉላር (የራሱ የዌብ ፍሬምዎርክ) ከመጀመሪያው ጋር እንደማይገጥም ሲናገር አዲሱ ገና በእጅ አልነበረም። ተጠናቆ የወጣው በ2016 ነው። በመሐሉ ተጠቃሚው ነገ በሚሞተው ልቀጥል ወይስ ያልተወለደውን ልጠብቅ እያለ ቆመ፤ መቆም የሰለቸው ወደ ተፎካካሪዎቹ፣ ወደ ሪአክትና ወደ ቪዩ፣ ሄደ። አሮጌውንም ቢሆን እስከ 2021 መጨረሻ መጠገን ግድ ሆነባቸው። ያ ጉግል ነው። እናንተ ሁለት ሰዎችና ዘጠኝ ልጆች ናችሁ፣ ያውም በማታ ሥራ። ጓደኛሽ ያገኘው የግማሽ ቀን ፈቃድ ለአንድ ዓመት ነው። ዓመቱ አልቆ ጳጉሜ ሲገባ ማን ይኖራል?

እዚህ ላይ የጣናን ታንኳ ላንቺ ምስክር አድርጌ ላመጣው አስቤ ነበር። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ሲከብድ እያደረቁ ይሠሩበታል… ብዬ ስጀምር ግን ምስክርነቱ ለጓደኛሽ ሆኖ አገኘሁት፦ ታንኳ ያረጀ እንደሆነ ጥለውት ሌላ ያስራሉ እንጂ ዕድሜ ልክ አይለጥፉትም። እጃቸው ሙያውን ስለሚያውቅ አዲስ ማሰር አያስፈራቸውም። ስለዚህ እሱ «እንደ አዲስ እንሰር» ማለቱ እብደት አይደለም። ሰው ተሳፍሮበት ሳለ ገመዱን የሚፈታ ግን የለም። ክርክራችሁን እዚህች ነጥብ ላይ ብታመጡት እወዳለሁ፤ አሁን የተሳፈሩት እነማን ናቸው?

ይህን ለማወቅ ከድምፁ በፊት አምስት ተጠቃሚ ጋ ደውዪ። አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ክሊኒክ፣ አንድ የቁጠባ ማኅበር፣ ሎጁ፣ ከከተማ ራቅ ያለ አንድ ሰው። የትኛው ቨርዥን ላይ ናችሁ? ማን ነው የሚያድስላችሁ? ኢንተርኔት ሲጠፋ ምን ታደርጋላችሁ? ነገ ሌላ ነገር ጫኑ ብንላችሁ ማን ይጭንላችኋል? ጓደኛሽም አምስት ይደውል፣ ከአዲስ አበባ ወገን። እነዚህ ሰዎች ድምፅ የላቸውም፤ ድምፅ ያላቸው ዘጠኙ ደግሞ ምናልባት አንድም ቀን የትምህርት ቤት ሬጅስትራር ፊት ቁጭ ብለው አያውቁም። የስልኩ መልስ አንቺን ሊያሳፍርሽም እንደሚችል አስቢ። ሁሉም «እኛ እኮ የሚሠራልን ልጅ አለን፣ አዲሱን ስጡን» ሊሉ ይችላሉ።

ድምፁ እንዲራዘም ጠይቂ። ለማምለጥ አይምሰልሽ፤ አሠራሩ ራሱ ስለጎደለ ነው። ክፍት ኮድ ፕሮጀክቶችን በሚያስተዳድረው አፓቼ ፋውንዴሽን ሥር ያሉ ፕሮጀክቶች ለድምፅ ቢያንስ 72 ሰዓት ይሰጣሉ፣ በሌላ የዓለም ጫፍ ያለው ሰው ነቅቶ እንዲደርስ ብለው። ባሕር ዳር ላይ 72 ሰዓት እንደማይበቃ አንቺ ከማንም በላይ ታውቂያለሽ። ለትልቅ ውሳኔ አንድ ወር ክፍት ይሁን፤ ኢንተርኔት የሌለው ሰው በስልክ ደውሎ ድምፁን ይስጥ፤ ሐሳቡም ቴሌግራም ላይ ተበታትኖ ሳይሆን በአንድ ጽሑፍ ይቅረብ። ይህ ለእሱም ይበጀዋል፤ ያለዚህ ቢያሸንፍ ድሉ አይጸናለትም።

ያንን ጽሑፍ ደግሞ ተለዋውጣችሁ ጻፉት። አንቺ ከዜሮ መጻፍ ለምን እንደሚያስፈልግ፣ እሱ ቀስ በቀስ ማደስ ለምን እንደሚሻል፣ አንድ አንድ ገጽ። ባልና ሚስት ላይ ሞክሬዋለሁ፤ መጀመሪያ ያናድዳል።

ሦስተኛ መንገድም አለ፣ ከደብዳቤሽ ስለጠፋ ልጥቀሰው። የዘመን አቆጣጠሩን፣ የስም ፍለጋውንና የፊደል ቅደም ተከተሉን ከፍሬምዎርኩ ነጥላችሁ ለየብቻ ላይብረሪ (ማንም በራሱ ፕሮግራም ውስጥ የሚጨምረው ኮድ) ብታደርጓቸውስ? ሲምፎኒ የተባለውን የፒኤችፒ ፍሬምዎርክ ዛሬ በሙሉ ከሚጠቀመው ሰው ይልቅ ክፍሎቹን ብቻ የሚጠቀመው ሳይበዛ አይቀርም፤ ሌላው የፒኤችፒ ፍሬምዎርክ ላራቬል ራሱ በርካታ የሲምፎኒ ክፍሎች ላይ የቆመ ነው። የናንተም ጳጉሜ ላራቬል ላይ ብትገባ የማታውቁት ሰው ይጠቀምባታል፤ ጓደኛሽ የፈለገው «ዓለም» በዚያ በር ሊመጣ ይችላል። እሱ ያንኑ ሥራ በታይፕስክሪፕት ይጻፍ፤ ሦስት ወር ይሰጠው፣ ስሙ የተለየ ይሁን፣ አሮጌው አይነካ። መፈተኛም አላችሁ። መጪው ዘመነ ሉቃስ 2019 ዓ.ም. ስለሆነ ጳጉሜ ስድስት ቀን ይሆናል። የሁለታችሁም ኮድ ጳጉሜ 6 ቀን 2019ን ወደ መስከረም 1 ሳያንሸራትት፣ የቁጠባ ማኅበሩንም ወለድ ሳያዛባ ይለፍ። ለነባር ተጠቃሚዎችም ቀን ቆርጣችሁ ንገሯቸው፤ አሮጌው ቢያንስ እስከዚያ ጳጉሜ ድረስ የደኅንነት ጥገና አይጎድልበትም በሉ። ቀን ያልተቆረጠለት ተስፋ ለሬጅስትራሩ አይጠቅመውም።

መገንጠልን በተመለከተ፣ ላይሰንሱ ስለሚፈቅድ ማንም አይከለክልሽም፤ እሱንም እንዲሁ። ግን ኮዱ እንጂ ስሙ፣ ዶሜይኑና ቴሌግራም ግሩፑ ሁለት ቦታ አይሆኑም። እነዚህ በማን ስም ናቸው? ሁሉም በእሱ ስም ከሆኑ ዛሬውኑ ሁለታችሁም ባለቤት የሆናችሁበት ይደረጉ፤ በጠብ ጊዜ ሳይሆን አሁን። መገንጠል ሁልጊዜ ፍቺ አይደለም። ከኖድ ጄኤስ (ሌላ ክፍት ኮድ ፕሮጀክት ነው) እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ተገንጥሎ የወጣው አይኦ ጄኤስ ዓመት ሳይሞላው ተመልሶ ተዋሕዷል። ግን ያ የሆነው ውሳኔ የሚሰጥበት አሠራር ከአንድ ድርጅት እጅ ወጥቶ ኮዱን ለሚጽፉት ሰዎች ከተከፈተ በኋላ ነው። አንቺ ብትገነጠይ ደግሞ የሌሊት ዘበኝነቱን ብቻሽን ልትይዢው ነው። ደክሞኛል ያልሽውስ አንቺ አይደለሽም?

ስለ ድካሙ፦ ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ፈጣሪ ጊዶ ቫን ሮሰም እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ አንዲት ትንሽ የአጻጻፍ ለውጥ የተነሣ ክርክር አድክሞት ከመሪነቱ ወረደ። በዓመቱ አምስት አባላት ያሉት የተመረጠ ምክር ቤት ቦታውን ያዘ፤ ፓይተንም አልሞተም። አንቺም ብትተዪው ክህደት አይሆንብሽም። ግን ተናደሽ በተኛሽበት ሌሊት አትወስኚ። መጀመሪያ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ቴሌግራሙን ዝጊ፤ ከዘጠኙ ልጆች ሁለቱ በየሳምንቱ ተራ ይያዙ። አንድ ወር እንዲህ ዕረፊና «ልተወው ወይ» የሚለውን ያኔ ራስሽን ጠይቂ። ምናልባት የሰለቸሽ ፍሬምዎርኩ ሳይሆን ሌሊቱ ነው። እናትሽ ሳያውቁት ትክክለኛውን የሥራ መደብ ነው የሰጡሽ።

ከዚህ ሁሉ ግን የሚቀድመው ስልክ ነው። ደውዪለትና ከተመቸው ለሁለት ቀን ወደ ባሕር ዳር ይምጣ በዪው። ሐይቁ ዳር ዓሣ ብሉ፣ የመጀመሪያውን ቀን ላፕቶፕ አትክፈቱ። ካልተመቸውም በስልኩ ይሁን፣ በጽሑፍ ግን አይሁን። ስለ ታይፕስክሪፕት አትጀምሪለት። «ወንድም ጋሼ፣ ኔትወርክ ያልነበረኝ ጊዜ ብቻህን ምን ምን እንዳለፈብህ ነግረኸኝ አታውቅም» በዪውና ዝም በዪ። ረጅም ዝምታ ሊመጣ ይችላል፣ አትሙዪው። እሱ ከጨረሰ በኋላ በነዚያው ወራት አንቺ ላይ የሆነውን ትነግሪዋለሽ። ምን እንዳለሽ ጻፊልኝ፤ አምስቱ ተጠቃሚዎች ምን እንዳሉም።